ከመብረቅም ከድብም ፊት ላለመሮጥ፦ የኮሎራዶ ተራራ ለሚወጡ ዝርዝር መመሪያ

ሰመር ሲመጣ ከዴንቨርና ከኦሮራ መኪና ሙሉ ሆነን ወደ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ መውጣት ለምደናል። አዲስ ሰው ሲቀላቀል መጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር አይቀየርም፦ «ድብ ቢመጣስ?» ይገባኛል። እኛ አገር ድብ የለም። የጅብን አመል እናውቃለን፣ ድብን ግን አብዛኞቻችን ያየነው በቴሌቪዥን ነው። ስለ ሰማዩ የሚጠይቅ ግን ብዙም አያጋጥመኝም። ጠዋት ብራ ነዋ! ከሰዓት በኋላ እዚያው ተራራ ላይ በረዶ እየወረደ፣ ሰማዩ እያስገመገመ፣ በቲሸርት የሚንቀጠቀጥ ሰው ታያላችሁ።

ችግሩ ሁለቱ የሚፈልጉት ነገር መቃረኑ ነው። መብረቅ ሲመጣ ቶሎ ውረዱ ይባላል። ድብ ስታገኙ ደግሞ እንዳትሮጡ ይባላል። አርፍዶ የወጣ ሰው ሁለቱንም ባንድ ቀን ሊያገኛቸው ይችላል፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ከላይ በሩጫ ይወርዳል፣ ጫካ ውስጥ ይገባል፣ ዝናቡና ነፋሱ ኮቴውን ይውጠዋል፣ መታጠፊያው ላይ ድቡ ፊት ድንገት ድቅን ይላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ባጭሩ ላለመቸኮል የሚደረግ ዝግጅት ነው። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ስልካችሁ ላይ የምታዩት እሱን ስለሆነ።

1. መንገዱን ምረጡ፣ ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ

ለምሳሌ ፍላትቶፕ ማውንቴንን እንውሰድ። የሚጀምረው ቤር ሌክ ከሚባለው ሐይቅ ዳር ነው። መነሻው 2,880 ሜትር ገደማ፣ ጫፉ 3,756 ሜትር። መሄጃው ብቻ 7 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን መንገድ የመረጥኩት ታችኛው ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ላይኛው ክፍል ደግሞ አንድ ዛፍ የሌለበት ገላጣ ስለሆነ ነው። ታች የድብ ሠፈር ነው፣ ላይ የመብረቅ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ትይዛላችሁ፤ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ትጨምራላችሁ። ለፍላትቶፕ ሲሰላ ወደ 3 ሰዓት ይመጣል። ግን ናይስሚዝ ይህን ያወጣው ለስኮትላንድ ተራሮች ነው፣ እዚህ አየሩ ስስ ነው። ፎቶ ማንሳቱ አለ፣ ጫማ ማሰሩ አለ፣ «ትንሽ እንረፍ» አለ። 4 ሰዓት ያዙለት። መውረጃው 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ከገላጣው ወርዳችሁ ዛፎቹ ጋ መድረስ ያለባችሁ እስከ 11 ሰዓት ነው። ከጫፉ እስከ ዛፎቹ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ከ10 ሰዓት በፊት፣ መነሻው ላይ ከ6 ሰዓት በፊት። ከኦሮራ እስከ ቤር ሌክ 2 ሰዓት ያህል መንዳት ስላለ ከቤት የምትወጡት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አዎ፣ ገና ሌሊት ነው። ቡናውን ቴርሞስ ውስጥ ያዙ። በሐበሻ ቀጠሮ ይህ ተራራ አይወጣም፤ 4 ሰዓት ላይ «መንገድ ላይ ነኝ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ከተራራው በኋላ ለምሳ ጥሩት።

ስሌቱ የሚሠራው ቀስ ብሎ በሚሄደው ሰው ልክ ነው፣ በፈጣኑ አይደለም። እና ከመነሳታችሁ በፊት የመመለሻ ሰዓት ላይ ተስማሙ። «10 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን እንመለሳለን» በሉ። ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መከራከር አይሆንላችሁም፤ ጫፉ እየታየ፣ 20 ደቂቃ ቀርቶ፣ ማንም ሰው እንመለስ ማለት አይፈልግም።

የመግቢያ ነገር፦ ባለፉት ዓመታት ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ወደ ፓርኩ ለመግባት ሰዓቱ የተወሰነ ቦታ ቀድሞ መያዝ ያስፈልግ ነበር። የቤር ሌክ መንገድ ደግሞ የራሱ ዓይነት ፈቃድ ነበረው። የሚያዘው ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነው። ደንቡ ስለሚቀያየር ከመሄዳችሁ በፊት የፓርኩን ገጽ እዩ። ውሻ ትሬይሉ (የእግር መንገዱ) ላይ አይፈቀድም።

አንድ ነገር ልጨምር። «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ አያስቸግረኝም» የሚል ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ መሆኗ እውነት ነው። ግን ሰውነት ለከፍታ ያደረገውን ልምምድ ዝቅ ያለ ቦታ ሲኖር በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ዳላስ ወይም ሜሪላንድ 10 ዓመት ኖሮ ለጉብኝት የመጣ ዘመዳችሁን በነጋታው 3,700 ሜትር ላይ አታውጡት። ሁለት ሦስት ቀን ዴንቨር ይቆይ፣ ውኃ ይጠጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው መድኃኒቱ መውረድ ነው። የሚደናቀፍ ወይም ግራ የተጋባ ከሆነ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሳትከራከሩ አሁኑኑ ይውረድ፣ ብቻውንም አትልቀቁት።

2. ማታውኑ የአየሩን ትንበያ እዩ፣ የዴንቨርን ግን አይደለም

ስልካችሁ ላይ የሚመጣው ትንበያ የከተማው ነው። ለተራራው አይሠራም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ገጽ ላይ ካርታ አለ፤ የምትወጡበትን ቦታ ራሱን ስትነኩት ለዚያ ከፍታ የተሠራ ትንበያ ይሰጣችኋል። ሰዓት በሰዓት የሚያሳየውን ክፈቱ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ነጎድጓድ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ይጠበቃል፣ ነፋሱ ምን ያህል ነው፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የት ይደርሳል።

ሙቀቱን በራሳችሁም መገመት ትችላላችሁ። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ 32 ዲግሪ ሲሆን ፍላትቶፕ ጫፍ ላይ 18 አካባቢ ነው። ይህ ፀሐይ ወጥቶ፣ ነፋስ ሳይኖር ነው። ነፋስ ሲጨመርበት፣ ላብ ያረጠበው ልብስ ሲጨመርበት፣ ሌላ አገር ነው።

ጁላይና ኦገስት ላይ የኮሎራዶ ሰማይ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። ከሐምሌና ነሐሴ የአዲስ አበባ ሰማይ ጋር አመሉ ይቀራረባል፤ ጠዋት ፀሐይ፣ እኩለ ቀን ላይ ደመና መቋጠር፣ ከሰዓት በኋላ ዶፍ። ከደቡብ የሚመጣ እርጥብ አየር አለ። ፀሐይ የተራራውን ጎን ስታሞቀው ያ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ልዩነቱ አዲስ አበባ ላይ ሱቅ በረንዳ ሥር ትጠለላላችሁ፣ እዚህ ግን ከአካባቢው ሁሉ ረጅሙ ነገር እናንተ ናችሁ።

ትንበያው ከጠዋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ነጎድጓድ ካለ ጫፍ አትሞክሩ። ከዚያው መነሻ ወደ ድሪም ሌክ ወይም ኤመራልድ ሌክ የሚሄድ አጠር ያለ መንገድ አለ፣ በጣም ያምራል፣ እሱን ሂዱ።

3. ቦርሳው ውስጥ ምን ይግባ

ጥጥ ቤት ይቅር። ጂንስ፣ የጥጥ ቲሸርት፣ ሁዲ፣ ሁሉም። ጥጥ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀታችሁን ይስባል። ከሥር ሱፍ ወይም የስፖርት ሠው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላዩ ፍሊስ የሚባለው ሙቀት የሚይዝ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ጃኬቱ ትንበያው ምንም ቢል አይቀርም። ቆብና ጓንት ለጁላይ ስላቅ ይመስላል፤ በረዶ ሲጀምር ግን ጣቶቻችሁ ዚፕ መዝጋት ያቅታቸዋል። ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ።

ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር። የጅረት ውኃ ጥርት ብሎ ቢታይም ሳይጣራ አይጠጣም። የግንባር ባትሪ፣ ሙቀት የሚይዝ የብር ወረቀት ብርድ ልብስ፣ ፊሽካ፣ ቀላል የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ የፀሐይ ክሬም። ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዳችሁ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል፣ ብርድ ደግሞ ባትሪ ይገድላል፣ ስለዚህ ገላችሁ አጠገብ ያዙት። አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ኔትወርክ በሌለበት በሳተላይት የአደጋ ጥሪ መላክ ይችላሉ። እንዴት እንደሚሠራ ሶፋ ላይ ሆናችሁ ተለማመዱት። እቤት ለሚቀር ሰው የትኛውን ትሬይል እንደምትሄዱና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውል ጽፋችሁ ተዉለት።

ምግብ ላይ እኛ እድለኞች ነን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ለተራራ የተፈጠሩ ናቸው፤ አይበላሹም፣ አይከብዱም፣ ጉልበት ይሰጣሉ። በሶውን በማር ለውሳችሁ በትንሽ በትንሹ ጠቅልሉት። ጥብስና ክትፎ ግን ለቤት። ቅቤና በርበሬ የሸተተ ዕቃ ይዞ ጫካ መግባት ማለት ድቡን በስም መጥራት ነው። ፍርፋሪም አታንጠባጥቡ፣ «እህል ነው፣ ወፍ ይበላዋል» የሚባለው እዚህ አይሠራም።

4. ጫካው ውስጥ፦ እያወራችሁ ሂዱ

ማለዳና ምሽት ድቦች የሚንቀሳቀሱበት ሰዓት ነው። እናንተ ደግሞ መብረቁን ሽሽት በማለዳ ነው የወጣችሁት። ታዲያ ምን ይደረግ? ድምፅ። ድብ ሰው እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ ካወቀ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ዞር ይላል። የሚያስፈራው ድንገት የተገኘ ድብ ነው።

ስለዚህ አውሩ። ፖለቲካም ይሁን ኳስ። መታጠፊያ ስትደርሱ፣ ቁጥቋጦ ሲበዛ፣ ወንዝ ሲጮህ፣ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፣ አጨብጭቡ። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ጠረናችሁ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ድቡ አያሸታችሁም። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ትናንሽ ቃጭሎች ብዙ አይረዱም፤ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ርቆ አይሰማም። ስፒከር ከፍቶ ሙዚቃ ማስጮህም መፍትሔ አይደለም። እናንተም ድቡን አትሰሙትም፣ ሌላውንም ሰው ትረብሻላችሁ። የጆሮ ማዳመጫማ ጭራሽ አይታሰብም።

ልጆችን መሐል አድርጓቸው። ልጅ ወደፊት ሮጦ ከመታጠፊያው ጀርባ መጥፋት የለበትም። ትኩስ ኩስ፣ የተገለበጠ ድንጋይ፣ የተቧጨረ ግንድ ካያችሁ ጮክ በሉና ዙሪያችሁን እዩ። የሞተ እንስሳ ከሸተታችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ፣ ባለቤት አለው።

5. ዛፉ የሚያልቅበት ቦታ፦ ቆማችሁ ወስኑ

3,350 ሜትር አካባቢ ዛፎቹ ያጥሩና ይጠፋሉ። እዚህ ጋ መቆም ግዴታ ነው። ውኃ ጠጡ፣ ፍሊሱን ደርቡ፣ ሰማዩን በደንብ እዩ። ለማየት ምዕራቡን ምረጡ፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍላትቶፕ ላይ ደግሞ ተራራው ራሱ ምዕራቡን ይጋርድባችኋል። ከጀርባው የሚመጣውን የምታዩት ራሳችሁ ላይ ሲደርስ ነው።

የደመናውን ቅርፅ ተከታተሉ። ትንንሽ፣ ነጭ፣ የተበታተኑ ከሆኑ ችግር የለም። ቁመታቸው ከስፋታቸው መብለጥ ከጀመረ፣ አናታቸው እንደ አበባ ጎመን ከተንዠረገገ፣ ሥራቸው ከጠቆረ፣ ቀኑ አልቋል። ገና 9 ሰዓት ቢሆንም አልቋል። ይህ ለውጥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ በየ10 ደቂቃው ቀና እያላችሁ እዩ።

ነጎድጓድ ከተሰማ ደግሞ መመካከር የለም። መብረቅ ከዝናቡ 16 ኪሎ ሜትር ርቆም ሊመታ ይችላል። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ብትቆጥሩ ለ3 ስታካፍሉት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። እኔ ግን ቆጠራውን ለማወቅ ያህል ብቻ ነው የምነግራችሁ፤ ከሰማችሁት ይደርስባችኋል፣ ውረዱ። እዚሁ ፓርክ ውስጥ በጁላይ 2014 በሁለት ተከታታይ ቀናት ሁለት ሰዎች በመብረቅ ሞተዋል፣ ሁለቱም ትሬይል ሪጅ በሚባለው የመኪና መንገድ አካባቢ። ጫፍ የወጣ ብቻ አይደለም የሚመታው።

6. ገላጣው ላይ ከያዛችሁ

ወደ ታች፣ ወደ ዛፎቹ። ፈጠን ብላችሁ ሂዱ እንጂ አትሩጡ፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው ገላጣው ላይ ሰዓታት ይቀመጣል። ሸንተረሩን ትታችሁ ጎን ጎኑን ያዙ። አፉ ሰፊ ሆኖ ውስጡ ጥልቀት የሌለው ዋሻና የተንጠለጠለ ድንጋይ ሥር አትግቡ፣ መብረቁ በድንጋዩ ላይ ሲሮጥ በእናንተ በኩል ያልፋል። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥርም እንዲሁ። ጥሩው ቦታ እኩል ቁመት ያላቸው አጫጭር ዛፎች የበዙበት ዝቅ ያለ ሥፍራ ነው። ከዚያም የሚበልጠው መስኮቱ የተዘጋ መኪና ነው።

ተራርቃችሁ ሂዱ፣ በመሐላችሁ ቢያንስ 15 ሜትር ይኑር። ተቃቅፎ መቀመጥ በደመ ነፍስ የሚመጣ ነገር ነው፣ ግን አንዱ ሲመታ ሁሉም ይወድቃል። ተራርቃችሁ ከሆነ የሚረዳ ይቀራል። የተመታ ሰው ገላው ላይ ኤሌክትሪክ አይቀርም፣ ስትነኩት አይዛችሁም። የማይተነፍስ ከሆነ ወዲያው ደረቱን መጫን ጀምሩ። ብዙዎች በዚህ ይተርፋሉ። ፀጉራችሁ ከቆመ ወይም ድንጋዩ እዝ ካለ በቅርብ ሊመታ ነው፣ ከነበራችሁበት ዝቅ ወዳለው ቶሎ ተንቀሳቀሱ።

ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በመሐል ሌላ ከተሰማ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ፀሐይ ስለወጣች ተመልሶ ወደ ጫፉ መሄድ የለም።

ሌላው አደጋ ድምፅ የለውም። ሃይፖተርሚያ፣ ማለትም የሰውነት ሙቀት መውረድ፣ ውርጭ አይጠብቅም። 10 ዲግሪ ላይ፣ ልብስ ከረጠበና ነፋስ ካለ በቂ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይደናቀፋል፣ ኩርፍ ይላል፣ «ደህና ነኝ፣ ተዉኝ» ይላል። አትመኑት። ከነፋስ ከልሉት፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ በብር ወረቀቱ ጠቅልሉት። በደንብ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ነገርና ትኩስ መጠጥ ስጡት። አረቄ ያሞቃል የሚባለውን ተዉት፤ ቆዳ ላይ የሚሰማው ሙቀት ከውስጥ የወጣ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው እርዳታ ጥሩ፣ አታስሮጡት።

7. ስትወርዱ፦ ሰው የሚዘናጋበት ሰዓት

ጫካው ውስጥ ተመልሳችሁ ስትገቡ መብረቁ ቀለል ይላል። ሁሉም ደክሞታል፣ ዝም ብሏል፣ መኪናውን ነው የሚያስበው። ካፊያው ቅጠሉ ላይ ሿ ይላል፣ ወንዙ ሞልቷል። ድቡ እናንተን የማይሰማበት፣ እናንተም እሱን የማታዩበት ሰዓት ይኼው ነው። አጭር አጭር እርምጃ፣ ከፍ ያለ ድምፅ። አንድ ሰው መድቡና በየመታጠፊያው «አቤት!» እያለ ይጣራ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

8. ድቡን ካገኛችሁት

ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ጥቁር ድብ ነው። የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ከ17,000 እስከ 20,000 ይሆናሉ ብሎ ይገምታል። ጥቁር ይባል እንጂ ቡናማውም፣ ቀላውም፣ ወርቃማ የሚመስለውም አለ፤ ስለዚህ ቡናማ አይታችሁ «ግሪዝሊ ነው፣ ትልቁና አደገኛው ድብ» ብላችሁ አትበርግጉ። የመጨረሻው የኮሎራዶ ግሪዝሊ በ1979 ሳን ሁዋን ተራሮች ውስጥ ተገድሏል።

ድቡ ሩቅ ከሆነና እናንተን ገና ካላየ በዝግታ አቅጣጫ ቀይሩ። የፓርኩ ደንብ ቢያንስ 36 ሜትር ራቁ ይላል፣ እኔ 100 እላለሁ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ አውራ ጣታችሁ ድቡን ሙሉ ለሙሉ ካልሸፈነው በጣም ቀርባችኋል።

ድቡ ቅርብ ከሆነና እናንተን ካየ ቁሙ። አትሩጡ። ድብ በሰዓት እስከ 55 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ዩሴይን ቦልትም አያመልጠውም። ዛፍ ላይ አትውጡ፣ እሱ ከእናንተ በተሻለ ይወጣል። በረጋ ድምፅ አናግሩት። አማርኛም ይሆናል፣ «እሺ ጌታዬ፣ እየሄድን ነው» ማለት በቂ ነው። ቁም ነገሩ ሰው መሆናችሁን እንዲያውቅ ነው። ልጆችን አንሱ፣ ተጠጋጉ። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ሂዱ፣ መውጫ መንገዱን አትዝጉበት። በሁለት እግሩ ቢቆም ሊያጠቃ አይደለም፣ አሻግሮ ሊያይና ሊያሸት ነው። በአፍንጫው ፉፍ ቢል፣ ጥርሱን ቢያንቋቋ፣ መሬቱን በመዳፉ ቢመታ «ቀርባችሁኛል» ማለቱ ነው፣ ርቀት ስጡት። ግልገል ካያችሁ እናቲቱ አካባቢው ላይ ናት፤ በመሐላቸው አትግቡ፣ ስልክም አታውጡ።

ካልሄደና እየተጠጋ ከመጣ ሁኔታው ተለወጠ። አሁን እጃችሁን ከፍ አድርጉ፣ ጃኬታችሁን ዘርጉ፣ ጩኹ፣ ድንጋይ ወርውሩ። ጥቁር ድብ በእርግጥ ካጠቃ ተጋደሉ፣ በዱላም በድንጋይም በቡጢም፣ ፊቱንና አፍንጫውን። የሞተ ሰው መምሰል ለጥቁር ድብ አይሆንም። ቦርሳችሁን ወርውራችሁለትም አትሂዱ፣ ሰው ሲፈራ ምግብ እንደሚጥል ተማረ ማለት ነው፤ ቀጣዩን ቡድን ይጠብቃል።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ ፓርክ ውስጥ ከድብ ይልቅ የምትገናኙት ሙስ ሊሆን ይችላል። ፈረስ የሚያክል ባለ ትልቅ ቀንድ እንስሳ ነው፣ ሴቷ ቀንድ የላትም ግን ጥጃ ካላት ትብሳለች። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፣ የማጅራቱ ፀጉር ከቆመ ሊመጣ ነው። ለሙስ ደንቡ ይገለበጣል፦ ሩጡ፣ ትልቅ ዛፍ ወይም ድንጋይ ጀርባ ግቡ።

9. መኪናና ማደሪያ

ኦገስት መጨረሻ ላይ ድቦች ለክረምት እንቅልፋቸው ስብ መያዝ ይጀምራሉ፤ በቀን 20 ሰዓት ያህል እየበሉ እስከ 20,000 ካሎሪ ይሰበስባሉ። አፍንጫቸው ደግሞ ጉድ ነው። የመኪና በር እጀታ ስቦ መክፈትን የተማሩ አሉ፤ ከገቡ በኋላ በሩ ሲዘጋባቸው ውስጡን እንዳልነበረ ያደርጉታል። መኪናውን ቆልፉ፣ መስኮት ዝጉ፣ ምግብ ወንበር ላይ አትተዉ። ምግብ ብቻ አይደለም፤ ማስቲካ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሕፃን መጥረጊያ፣ የፀጉር ቅባት፣ የተበላበት ሰሃን፣ ሁሉም ይሸታል።

የምታድሩ ከሆነ የብረት ማስቀመጫ ሣጥን ባለበት ተጠቀሙበት። ጫካው ውስጥ ለማደር ደግሞ በሞቃታማዎቹ ወራት ድብ የማይከፍተው ጠንካራ ጣሳ ግዴታ ነው፣ ኪራይም ይገኛል። የምታበስሉበት ቦታ ከድንኳናችሁ 100 ሜትር ይራቅ። ያበሰላችሁበትን ልብስ ለብሳችሁ አትተኙ።

10. ወደ ሰሜን ከተሻገራችሁ

የሎውስቶን፣ ግራንድ ቲተን ወይም ግሌሸር ወደሚባሉት ብሔራዊ ፓርኮች ስትሄዱ ግሪዝሊም ጥቁር ድብም አለ። ለመለየት ቀለሙን ተዉት። ግሪዝሊ ትከሻው ላይ ጉብታ አለው፣ ጆሮው አጭርና ክብ ነው፣ ፊቱ መሐሉ ላይ ሰርጎድ ይላል፣ ጥፍሩ ረጅም ነው። የሎውስቶን ውስጥ ከድብ ቢያንስ 91 ሜትር መራቅ ሕግ ነው።

እዚያ የድብ ስፕሬይ ሳይዙ መንገድ መጀመር የለም። ውስጡ ያለው የበርበሬ ቅመም ነው፣ ከምናውቀው ሚጥሚጣ ግን በእጅጉ ይብሳል። ወገብ ወይም ደረት ላይ ይታሰር፣ ቦርሳ ውስጥ የገባ ስፕሬይ ቤት እንደቀረ ቁጠሩት። መጠበቂያውን መንቀል ቤት ሆናችሁ ተለማመዱ። ድቡ እየሮጠ ሲመጣና ወደ 10 ሜትር ሲቀርብ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ከፊቱ ንፉት፣ በደመናው ውስጥ እንዲያልፍ። ነፋሱ ወደ እናንተ ከሆነ እናንተም ታለቅሳላችሁ፣ ቢሆንም ንፉት። ድንኳን ወይም ልብስ ላይ አስቀድሞ መንፋት ግን የለም፣ ቅሪቱ ጭራሽ ድብ ሊስብ ይችላል።

ግሪዝሊ ተደናግጦ ወይም ግልገሉን ሲጠብቅ ደርሶ ከነካችሁ በሆዳችሁ ተኙ፣ ቦርሳው ጀርባችሁ ላይ ይቆይ፣ እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ አቆላልፉ፣ እንዳይገለብጣችሁ እግራችሁን ፈርከክ አድርጉ። ርቆ እስኪሄድ አትነሱ። ካላቆመ፣ ወይም ሌሊት ድንኳን ውስጥ ከመጣ፣ ያኔ ተጋደሉ።

ስፕሬዩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ጣሳው ላይ ተጽፏል፣ እዩት። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ደግሞ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም፤ እዚያው ግዙ ወይም ተከራዩ፣ የገዛችሁትን ስትመለሱ ገና ለሚወጣ ሰው ስጡት።